የሰፈር ሮንድ በፖሊስ ድጋፍ የሚቋቋምበት ሥርዓት፡ የነዋሪው ድርሻና የሕግ ገደቡ

የአንድን አካባቢ ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅ በሕግ ለፖሊስ የተሰጠ ኃላፊነት ቢሆንም፣ ያለነዋሪው ተሳትፎ ከግቡ ሊደርስ የሚችል ተግባር አይደለም። የፖሊስ አባል በአንድ ሰፈር የሚቆየው በተመደበበት ፈረቃ ልክ ሲሆን ነዋሪው ግን ሌት ተቀን በዚያው ይገኛል። የትኛው የመንገድ መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው ቤት ባለቤቱ ርቆ በመሄዱ ባዶውን እንዳደረ፣ ግንባታው ተቋርጦ የቀረው ሕንፃ ከጨለመ በኋላ የማን መሸሸጊያ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ይህንን መሠረት በማድረግ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ነዋሪዎች በተለምዶ “ሮንድ” በሚባለው የሰፈር ጥበቃ ቡድን እየተደራጁ አካባቢያቸውን በተራ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ቡድኑ በአግባቡ ሲደራጅ ወንጀልን አስቀድሞ ለመከላከል የሚያግዝ የፖሊስ አጋር ይሆናል። ሥልጣኑ ሳይለይና ተጠሪነቱ ሳይታወቅ ሲቋቋም ደግሞ ራሱ የዜጎች መብት መጣሻ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣ የፖሊስ ኃላፊዎችና የሰላምና ጸጥታ ባለሙያዎች ስንት ሰው እንደሚደራጅ ከመወሰናቸው በፊት፣ የሚደራጀው ሰው በሕግ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል አጥርተው ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል።

ታሪካዊ ዳራ

በኢትዮጵያ ወንጀልን የመከላከልና የማውጣት ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከኅብረተሰቡ ጋር የተቆራኘ ነው። ዘመናዊ ፖሊስ ከመደራጀቱ በፊት ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚደረግበት “አውጫጭኝ” ወይም “አፈርሳታ” የተባለ ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ የነዋሪውን እውቀት ለፍትሕ የሚያውል ቢሆንም ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ ንጹሑንም ሰው አብሮ የሚያጉላላ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ኃይል በአዋጅ ሲደራጅ ወንጀልን የመመርመርና ተጠርጣሪን የመያዝ ሥራ በሂደት ወደ መንግሥት ተቋም ተሸጋገረ።

በደርግ ዘመን የታየው አደረጃጀት ከዚህ የተለየ መልክ ነበረው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በቀበሌ ተደራጁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ታጥቀው የመያዝ፣ የመፈተሽና የማሰር ተግባር ሲፈጽሙ ቆዩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የቀይ ሽብር ዘመቻም የዚህ አደረጃጀት ተሳትፎ በበርካታ ቤተሰቦች ላይ የማይሽር ጠባሳ ጥሏል። ዛሬም በእድሜ የገፉ ነዋሪዎች “ጥበቃ ይደራጅ” የሚል ጥሪ ሲሰሙ ጥርጣሬ ቢያድርባቸው መነሻው ይህ ተሞክሮ መሆኑን አደራጁ አካል መገንዘብ ይኖርበታል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ወይም ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ በአገሪቱ ተግባራዊ እየሆነ መጥቷል። በዚህ አሠራር የፖሊስ ባለሙያ በቀበሌ ወይም በቀጠና ደረጃ ተመድቦ ከነዋሪው ጋር የጋራ መድረክ ይፈጥራል፤ የወንጀል መንስኤዎችን ይለያል፤ የአገር ሽማግሌዎች፣ የእድር መሪዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች የሚገኙበትን አማካሪ አካል ያስተባብራል። የሰፈር ሮንድ በሕግና በሥርዓት ሊመራ የሚችለው የዚህ አሠራር አካል ሲሆን ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ የሸሪፎች ብሔራዊ ማኅበር የሰፈር ጥበቃ መርሐ ግብርን እ.ኤ.አ. በ1972 በአገር አቀፍ ደረጃ አስጀምሯል። በእንግሊዝ ደግሞ የመጀመሪያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1982 በቼሻየር ግዛት ሞሊንግተን በተባለች መንደር ተመሥርቷል። የሁለቱም መርህ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ነዋሪው ይመለከታል፣ ይመዘግባል፣ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ የመያዝና የመመርመር ተግባር ግን የፖሊስ ሆኖ ይቀጥላል።

ትሬቨር ቤኔት፣ ኬቲ ሆሎዌይና ዴቪድ ፋሪንግተን የተባሉ የወንጀል ጥናት ምሁራን ቀደም ሲል የተካሄዱ ግምገማዎችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የሰፈር ጥበቃ ከ16 እስከ 26 በመቶ ከሚደርስ የወንጀል መቀነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ውጤቱ ግን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አልነበረም። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳመለከቱት፣ እንዲህ ያለው ቡድን በቀላሉ የሚቋቋመው ነዋሪው በሚተዋወቅበትና የተሻለ ገቢ ባለው ሰፈር ነው። ወንጀል በሚበዛበትና ተከራይ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ሰፈር ግን ለመመሥረትም ሆነ ለመዝለቅ ይቸገራል። ስለሆነም የመንግሥት ድጋፍ በቅድሚያ መድረስ ያለበት በራሳቸው አቅም ለመደራጀት ለሚቸገሩት ሰፈሮች ነው።

የሕግ ማዕቀፍ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልል ፖሊስን የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን ለፌዴራሉና ለክልል መንግሥታት ሰጥቷል። የሰፈር ሮንድ ከእነዚህ የአንዱም አካል አይደለም። አባላቱ ተራ ዜጎች በመሆናቸው ያላቸው ሥልጣን ማንኛውም ዜጋ ካለው አይበልጥም።

ይህም ሲባል ዜጋው ምንም ዓይነት ሥልጣን የለውም ማለት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ወንጀል መፈጸሙን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ የማመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ግለሰብም ሆነ የፖሊስ አባል ያለመያዣ ትዕዛዝ ሊይዘው እንደሚችል አስቀምጧል። ይሁንና ያዡ ግለሰብ የያዘውን ሰው ያለአላስፈላጊ መዘግየት በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ የማስረከብ ግዴታ አለበት።

ከዚህ የሚመነጨው መሠረታዊ ነጥብ ግልጽ ነው። የሮንድ ተረኛ ስፖኪዮ ሲነቅል ወይም የቤት መስኮት ሲሰብር ያገኘውን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ሰውየው “አካሄዱ አላማረኝም” ወይም “የሰፈሩ ሰው አይደለም” በሚል ምክንያት ግን ሊይዘው አይችልም። በቀበሌ ቢሮ፣ በእድር ቤት ወይም በጥበቃ ማማ ውስጥ አስቀምጦ ማሳደር፣ መደብደብና ቃል መቀበልም ከሕግ ውጪ ነው፤ ፈጻሚውንም በወንጀል ተጠያቂ ያደርገዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለበት፣ በሮንዱ እጅ የሚባክን ሰዓት የፖሊስን ሥራ የሚያደናቅፍና የተያዘውንም ሰው መብት የሚጎዳ ነው።

በአንቀጽ 26 የተረጋገጠው የግል ሕይወት መከበር ሰውነትን፣ መኖሪያ ቤትንና ንብረትን ያለአግባብ ከመመርመር ይጠብቃል። በዚህም መሠረት ተረኛው ቤት አይፈትሽም፤ ቦርሳና ስልክ አይመረምርም፤ መንገደኛን በማስገደድ መታወቂያ አይቀበልም። የጦር መሣሪያን በሚመለከት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የፈቃድ ሥርዓትን ደንግጓል። በሮንድ አባልነት ብቻ መሣሪያ የመታጠቅ መብት አይገኝም።

ቡድኑን የማቋቋም ሂደት

የመጀመሪያው ተግባር የአካባቢውን ችግር ለይቶ ማወቅ ነው። ፖሊስ ጣቢያው በሰፈሩ የተመዘገቡ የወንጀል አቤቱታዎችን በዓይነት፣ በቦታና በሰዓት ለይቶ ያቀርባል። ነዋሪው በበኩሉ ለፖሊስ ሳይመለከቱ የቀሩትን ድርጊቶች ይጨምራል። የሞባይል ቅሚያ የሚበዛው ታክሲ መያዣው አካባቢ ከሆነና ሰዓቱም ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ከሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚወጣ ሮንድ ለችግሩ መፍትሔ አይሆንም። በአንዳንድ ሰፈር የሚያስፈልገው የጠፋ መብራት መጠገንና የፍሳሽ ጉድጓድ መክደን ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ነው። ጥሪው በእድር፣ በጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበርና በወረዳው በኩል ሊተላለፍ ይችላል። እድር በሐዘን ጊዜ እያንዳንዱን ቤት የመድረስ ልምድ ስላለው ነዋሪውን ለመቀስቀስ አመቺ ነው። ሆኖም የእድር አባል ያልሆኑ፣ በተለይ ተከራዮች፣ ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችና በቅርቡ የገቡ ነዋሪዎች እንዳይዘነጉ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስብሰባው ሰዓት ለሴቶች አመቺ መሆን የሚገባው ሲሆን የውይይቱ ቃለ ጉባዔም ተይዞ ለፖሊስና ለወረዳው ግልባጭ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው አስተባባሪ ኮሚቴ መምረጥ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የተረኛ አስተባባሪ ያሉት አነስተኛ ኮሚቴ በቂ ሲሆን፣ አባላቱ በነዋሪው ድምፅ ለተወሰነ ጊዜ ቢመረጡ ይመረጣል። ቡድኑ የፖለቲካ ድርጅት መዋቅር ቅጥያ እንዳይሆን ምርጫው በነጻ ፈቃድ መካሄድ ይኖርበታል። በሮንድ ያልተሳተፈ ነዋሪ ከወረዳ ወይም ከቀበሌ የሚያገኘው አገልግሎትም ሊቋረጥበት አይገባም።

አራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። በነዋሪዎች ኮሚቴ፣ በፖሊስ ጣቢያና በወረዳ አስተዳደር መካከል የሚፈረመው ሰነድ የሚሸፈነውን ክልል፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የተረኞችን ግዴታና ክልከላ፣ ሪፖርት የሚቀርብበትን መንገድ፣ ቅሬታ የሚሰማውን አካልና ቡድኑ የሚፈርስበትን ሁኔታ በዝርዝር መያዝ አለበት። በቃል ብቻ የተመሠረተ ቡድን አንድ የፖሊስ ኃላፊ ሲዛወር ወይም ሰብሳቢው ሰፈር ሲለቅ አብሮ ይበተናል።

አምስተኛው የተረኛ ድልድል ነው። ለምሳሌ 60 ቤተሰብ ያሉት አንድ ብሎክ በየምሽቱ 4 ሰው ቢያሰማራ፣ እያንዳንዱ ቤት ተራው የሚደርሰው በየ15 ቀኑ ነው። ይህም በማግስቱ ሥራ ለሚገባ ሰው ሊሸከመው የሚችል ጫና ነው። ተረኞች ለብቻቸው መንቀሳቀስ የለባቸውም። የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ የተሞላ ስልክና የተረኛ መዝገብ ዋና ዋና መሣሪያዎቻቸው ናቸው። ሌሊት መውጣት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕጻናት ያሏቸው ወላጆች በቀን ክትትል፣ በመዝገብ አያያዝ ወይም በሌላ አስተዋጽኦ ሊሳተፉ ይችላሉ።

የፖሊስ ድጋፍ በምን ይገለጻል

የፖሊስ ድጋፍ በምሥረታ ቀን ተገኝቶ ንግግር በማድረግ የሚወሰን አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ጣቢያው ለቡድኑ አንድ ተጠሪ ባለሙያ በስም መመደብና ስልኩን ለተረኞች ማሳወቅ አለበት። አስቸኳይ ጉዳይ ሲያጋጥም በአዲስ አበባ የሚታወቀው የፖሊስ ነጻ የስልክ መስመር 991 ሲሆን፣ የእሳት አደጋው 939 እንዲሁም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በተረኛ መዝገቡ ሽፋን ላይ ተጽፈው ቢገኙ ጠቃሚ ነው።

በመቀጠል ሥልጠና አስፈላጊ ነው። ሥልጠናው እጅ ከፍንጅ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ የተያዘን ሰው ሳይጎዱ እንዴት ማስረከብ እንደሚቻል፣ የወንጀል ስፍራን ሳይነካኩ መጠበቅን፣ የሰውንና የተሽከርካሪን መለያ በትክክል መመዝገብን ሊያካትት ይገባል። “አንድ ሰው ሮጠ” ከሚል ሪፖርት ይልቅ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ልብሱንና የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር የያዘ ሪፖርት ለመርማሪ የላቀ ዋጋ አለው። በሴቶችና በሕጻናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት በሰፈር ሽምግልና የሚዘጋ ጉዳይ ሳይሆን ወዲያውኑ ለፖሊስ የሚቀርብ ወንጀል መሆኑም በሥልጠናው በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

ሦስተኛውና በአብዛኛው የሚዘነጋው ድጋፍ ምላሽ መስጠት ነው። ነዋሪው ተጨንቆ ያቀረበው ጥቆማ ምን ላይ እንደደረሰ ካልተነገረው፣ ወይም አስረክቦት የመጣውን ተጠርጣሪ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ሲያየው ምክንያቱን የሚያስረዳው ካጣ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አይጠቁምም። ተጠርጣሪ በዋስ የሚለቀቀው በሕግ የተረጋገጠ መብት ስላለው መሆኑን የማስረዳት ኃላፊነት የፖሊስ ነው። የምርመራ ምስጢር ሳይነካ በየወሩ የሚሰጥ አጭር ማብራሪያ ለዚህ በቂ ነው።

የጠቋሚዎች ደኅንነትም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊታይ ይገባል። ስለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀሎች ላይ ለሚጠቁሙና ለሚመሰክሩ ሰዎች ጥበቃ የሚደረግበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ለቀላል ወንጀሎች ደግሞ የጠቋሚውን ስም በተረኛ መዝገብና በስብሰባ ላይ አለመግለጽ ጣቢያው በራሱ ሊፈጽመው የሚችለው ጥንቃቄ ነው።

የገንዘብና የንብረት አያያዝ

በበርካታ ሰፈሮች ነዋሪው ራሱ ተራ ከመውጣት ይልቅ ገንዘብ አዋጥቶ ለወጣቶች የሚከፍልበት አሠራር ይታያል። አሠራሩ ለወጣቶች የገቢ ምንጭ ሊሆን ቢችልም የበጎ ፈቃድን ሥራ ወደ ቅጥር ይለውጠዋል። በመሆኑም ማን እንደቀጠረ፣ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ማን ኃላፊ እንደሚሆንና ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። መዋጮው በጠቅላላ ጉባዔ የሚወሰን፣ በደረሰኝ የሚሰበሰብ፣ በባንክ የሚቀመጥና በየሩብ ዓመቱ ለነዋሪው ሪፖርት የሚቀርብበት ሊሆን ይገባል። ተረኛ ቤት ለቤት እየዞረ ያለደረሰኝ ገንዘብ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ጥበቃውን ከግዳጅ ክፍያ የሚለየው መስመር ይጠፋል።

ሊወገዱ የሚገባቸው አደጋዎች

ሥልጣኑ ያልተገደበ ስብስብ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የቅርብ ጊዜ ክስተቶች ያሳያሉ። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ ከተማ በተካሄደ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ሰው “ቦምብ ይዟል” በሚል ሐሰተኛ ወሬ በሕዝብ ፊት ተገድሎ ተሰቅሏል። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ለጥናት ተሰማርተው የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ሕጻናትን እየመረዙ ነው በሚል አሉባልታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚህ ድርጊቶች በተደራጀ ሮንድ የተፈጸሙ ባይሆኑም፣ ወሬ ከማጣራት ቀድሞ ወደ እርምጃ ሲለወጥ የደቦ ፍርድ የሰው ሕይወት እንደሚቀጥፍ አመላክተዋል። በደንብ የተመራ ሮንድ ከሚሰጣቸው ታላላቅ ጥቅሞች አንዱ እንዲህ ያለውን ስሜት አብርዶ የተጠረጠረውን ሰው በሕይወት ለፖሊስ ማድረስ ነው።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ያላቸውን የጦር መሣሪያ እንዲያስመዘግቡና ተደራጅተው አካባቢያቸውን እንዲጠብቁ ጥሪ ቀርቦ ነበር። በዚያው ወቅት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ሰዎችን በቁጥጥር ሥር የማዋሉ ሂደት ማንነትን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው አስታውቋል። አዋጁ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ተነሥቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በአስቸኳይ ጊዜ የተለመደ አሠራር በመደበኛ ጊዜ ሳይታሰብ እንዳይቀጥል የቡድኑ ክልከላዎች ዳግም ሊፈተሹ እንደሚገባ ነው። የሰው ቋንቋ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የትውልድ ስፍራ የጥርጣሬ መነሻ ሊሆን አይችልም። በተረኛ መዝገብ ላይ የሚመዘገበው የታየው ድርጊት ነው።

የመረጃ ቴክኖሎጂ አጠቃቀምም ጥንቃቄ ይሻል። በቴሌግራም የሚቋቋም የሰፈር ቡድን መልእክትን በፍጥነት ለማድረስ ያገለግላል። ይሁንና የተጠርጣሪን ፎቶግራፍ “ሌባ” ብሎ መለጠፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተረጋገጠውን ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይጥሳል። ምስሎች ለፖሊስ ተጠሪው ብቻ ሊላኩ ይገባል።

ክትትልና ምዘና

የቡድኑ ውጤት የሚለካው በያዛቸው ሰዎች ብዛት ሊሆን አይገባም። እንዲህ ያለው መለኪያ ተረኛውን ያለምክንያት ወደ መያዝ ይገፋፋዋል። በምትኩ በተመሳሳይ ወራት የተመዘገቡ የስርቆትና የቅሚያ አቤቱታዎች ቁጥር፣ ፖሊስ ጥሪ ደርሶት በስፍራው ለመገኘት የወሰደበት ጊዜ፣ የተጠገኑ መብራቶች፣ በቡድኑ ላይ የቀረቡ ቅሬታዎችና የተሰጣቸው ውሳኔ፣ እንዲሁም ነዋሪው በምሽት ለመንቀሳቀስ ያለው መተማመን ቢመዘኑ የተሟላ ገጽታ ይሰጣሉ። ቡድኑ በተቋቋመ ሰሞን የአቤቱታ ቁጥር ከፍ ቢል አመራሩ ሊደናገጥ አይገባም፤ ቀድሞ ሳይነገር ይቀር የነበረው ወንጀል መነገር በመጀመሩ ሊሆን ይችላልና።

በየ6 ወሩ ፖሊስ፣ ወረዳውና ነዋሪው በጋራ ተቀምጠው ስምምነቱን መገምገም፣ ገደቡን የጣሰ አባል ካለ ማሰናበትና እንደ ጥፋቱም በሕግ እንዲጠየቅ ማድረግ፣ ችግሩ በተቃለለበት ሰፈርም የጥበቃውን ሰዓት መቀነስ ይቻላል። ለሰፈሩ ነዋሪ የጸጥታ ዋስትና የሚሆነው ሮንድ ነዋሪው ሲያየው የሚረጋጋበት፣ በጎዳናው የሚያልፈው እንግዳም ሳይሰጋ የሚያልፍበት ነው። ይህ እውን ሊሆን የሚችለው አደራጁ አካል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቡድኑ ተግባር ብቻ ሳይሆን ለገደቡም እኩል ትኩረት ሲሰጥ ነው።